የውሻና የድመት ደብዳቤ ጸሐፊ ሳለሁ

አምስተኛ ክፍል ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ልጆቹ «ቲቸር፣ ከዚህ በፊት ሥራሽ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ስለ ውሾችና ስለ ድመቶች ደብዳቤ እጽፍ ነበር» አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ እጁን ሳያወጣ «ለውሻው ነው የምትልኪለት? ሪፕላይ ያደርጋል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማስረዳት የማልጠግብ ሰው በመሆኔ ስለ ክፍልፋይ ልጽፍ የያዝኩትን ማርከር አስቀምጬ ማብራራት ጀመርኩ፤ ደወሉ ግን ቀደመኝ። ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው። ለመጻፍ የገፋፋኝ ሌላም ነገር አለ፤ አሠሪዬና መምህሬ ሲስተር ለተ በቅርቡ ቢሮአቸውን ዘግተው ጡረታ ወጥተዋል።

ሲስተር ለተ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን በተማሪነታቸው የለመዱ ኤርትራዊት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበሩ፤ ሰዉ እስከ ዛሬ ሲስተር የሚላቸው በዚያ ምክንያት ነው። ናይሮቢ ከገቡ በኋላ በሥነ ልቦና አማካሪነት ተምረው ፈቃድ አወጡ። ቢሮአቸው ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። እኔ በዚያው የትምህርት ዘርፍ ዲግሪዬን እንደያዝኩ ረዳት ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩ። ቃለ መጠይቁ አጭር ነበር። አማርኛዬንም፣ እንግሊዝኛዬንም፣ ስዋሂሊዬንም ትንሽ ትንሽ ካዳመጡ በኋላ «ዝም ማለትስ ትችያለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። «እናያለን፣ ጓለይ» አሉ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ዝም ማለቱን ለመልመድ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ዘግይቶብኝ አያውቅም፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን ስለ ደብዳቤው። ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ ነው። ለስሜት ድጋፍ የሚሆን እንስሳ ግን ምንም አልተማረም፤ ሥራው አብሮ መኖር ነው። በጭንቀት፣ በድባቴ ወይም በሐዘን የተጎዳ ሰው እንስሳው ከጎኑ ሲሆን የሚሻለው ከሆነ፣ ያንን ያየ ባለሙያ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ልማዱን ናይሮቢ ያመጡት የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ሩንዳ ሰፈር ከሚገኝ ሰፊ ግቢ ወደ ዌስትላንድስ አፓርታማ ሲዛወሩ አከራዩ «እንስሳ አይገባም» ይላቸዋል፤ ወደ ሌላ አገር ሲመደቡ ደግሞ አየር መንገዱ ወረቀት ይጠይቃቸዋል። ያኔ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኔ እስከማውቀው እዚህ አከራይን የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ስለዚህ ደብዳቤያችን ከትእዛዝ ይልቅ ወደ ጨዋ ልመና የቀረበ ነበር። ልመና ደግሞ አጻጻፍ ይፈልጋል።

ሲስተር ለተ ቢሮ ውስጥ ብቻ ያዩትን ሰው ደብዳቤ አይጽፉለትም። ቤቱ ይሄዳሉ። እንስሳውን አይጠሩትም፣ አይዳብሱትም፤ ዝቅ ያለ ወንበር ፈልገው ቁጭ ይላሉ። እኔ ባለቤቱን ሳነጋግር እሳቸው የእንስሳውን ጆሮ ያያሉ። የባለቤቱ ድምፅ ሲለወጥ ጆሮው ይዞራል ወይስ አይዞርም? ሰውየው ሲከፋው ይጠጋል ወይስ ይሸሻል? «ትወደዋለህ ወይ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ ሁሉም ይወደዋል ይላሉ። የሚጠይቁት «ትናንት ምን አደረጋችሁ?» ብለው ነው። ከዚያ እንስሳው ብቻውን መሆን ሲፈልግ የት እንደሚሄድ ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ «እሱንስ ማን ያሳርፈዋል?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ይወስደው ነበር፤ እሳቸው ግን መልሱን ሳይሰሙ አይነሱም። ሌላ ቀን ሳይነግሩ ደግመው ካልሄዱ ደግሞ አይፈርሙም።

አንድ ጊዜ ሩንዳ አንዲት የውጭ አገር ሴት ቤት ሄድን። ቡችላዋ እኛ እስክንወጣ ድረስ ከሶፋው ሥር አልወጣችም፤ ሴትዮዋ በተናገረች ቁጥር ወደ ውስጥ ትሸሻለች። መኪና ውስጥ ስንገባ ሲስተር ለተ «ደብዳቤ የሚያስፈልገውስ ለቡችላዋ ነው» አሉ። ሴትዮዋን በየሳምንቱ እየመጣች እንድታነጋግራቸው አደረጉ፤ ደብዳቤውን ግን ከለከሏት። ተቆጥታ ኢንተርኔት ላይ መጠይቅ ሞልታ በዚያው ቀን አንድ ደብዳቤ ገዛች። እንዲህ ያለው ንግድ እየበዛ ሲሄድ አየር መንገዶቹም በደብዳቤው ማመን እየተዉ መጡ። ሥራችን እየቀነሰ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለአንዲት ደንበኛ የጻፍኩት የመጀመሪያ ረቂቅ ሁለት ገጽ ነበር። የሕመሙን ምንነት፣ መቼ እንደጀመረ፣ ውሻ በሰው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ፣ ሁሉንም አብራርቼ ነበር። ሲስተር ለተ በእርሳስ እያጠፉ እያጠፉ አራት መስመር አስቀሩልኝ። «ሕመሙ የእሷ ነው፤ አከራዩን አይመለከተውም» አሉኝ። «ውሻው የሚያደርገውን ብቻ ጻፊ። ይቀሰቅሳል፣ ያወጣል፣ ያስተኛል። የሚያደርገውን ያወቀ አከራይ ሌላ አይጠይቅም።» ከዚያ በኋላ ከግማሽ ገጽ ያለፈ ደብዳቤ ከቢሮአችን ወጥቶ አያውቅም።

ስለ ሥራዬ ሳስብ ግን ቀድመው የሚመጡብኝ ወይዘሮ ጽጌ ናቸው።

ባለቤታቸው የአንድ እርዳታ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ድርጅቱ በሰጣቸው የሩንዳ ቤት ነበር። ልጅ የላቸውም። ባለቤታቸው ሲሞቱ ቤቱን ማስረከብ ነበረባቸውና ሁርሊንግሃም አንድ አነስተኛ አፓርታማ ተከራዩ። ይዘውት የመጡት ውሻ ሲምባ ይባላል። ስሙ በስዋሂሊ አንበሳ ማለት ቢሆንም አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ቡናማ፣ ፈሪ ውሻ ነበር። ውሉ ላይ እንስሳ ክልክል ነው ይላል። ለዚህ ነው የመጡት።

ቤታቸው ሄደን ሲስተር ለተ እንደ ልማዳቸው ስለ ትናንት ጠየቁ። ወይዘሮ ጽጌ ሲምባን እያዩ መለሱ።

«ትናንት መነሳት አልፈለግኩም። እሱ መጥቶ ብርድ ልብሱን ጎተተ። ካላወጣሁት ምንጣፉ ላይ ይሸናል፤ ምንጣፉን የገዛው ባለቤቴ ነው። ተነሳሁ። ጥግ ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ሲምባን ስታይ ሰላም አለችኝ፤ እኔም ሰላም አልኳት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራሁት ያንን ነው።»

ደብዳቤውን በዚያ መልክ ጻፍነው። ሲምባ ጠዋት ይቀሰቅሳቸዋል። ከቤት ያወጣቸዋል። ከሰው ጋር ሰላም እንዲባባሉ ምክንያት ይሆናል። ማታ በሩ ሥር ይተኛል፤ እሳቸውም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አከራዩ ሚስተር ካማው ደረጃው ላይ ቆመው አነበቡት። የጠየቁት ሌሊት ይጮህ እንደሆነ ብቻ ነው። አይጮህም ስንላቸው «ሀኩና ሺዳ» አሉ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ በልቤ ጉዳዩን ዘጋሁት።

ወይዘሮ ጽጌ የለመኑን አንድ ነገር ነበር፤ ከእኛ አገር ሰዎች ማንም እንዳይሰማ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሐሜቱ፤ ጽጌ ባሏ ሞቶ ከውሻ ጋር ታወራለች እንዳይባል። ሁለተኛው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን ዘንድ ውሻ ግቢ ጠባቂ እንጂ ቤት ውስጥ የሚኖር አይደለም፤ ጸሎት የሚደረስበትና ጸበል የሚረጭበት ቤት ውስጥ ሲተኛ ያየ ይቀየማል። ሩንዳ ሳሉ ሲምባ የሚያድረው ግቢ ውስጥ ስለነበር ማንም ምንም አላለም። አሁን ግን እንግዳ ሲመጣ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ ላይ ይዘጉበታል። ምስጢር መጠበቅ ሥራችን ነውና ጠበቅን። ያልጠየቅነው ግን የቤቱ ቁልፍ ሌላ ማን ጋ እንዳለ ነው።

ቁልፉ እትዬ ሙሉ ጋ ነበር። እትዬ ሙሉ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዌስትላንድስ አንድ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ይሠራሉ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ወጥ ሠርተው ያመላልሱ ስለነበር ወይዘሮ ጽጌ ራሳቸው ናቸው ቁልፍ የሰጧቸው። የሟቹ መንፈቅ ሲደርስ ጸሎተ ፍትሐቱ ቤት ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። በዋዜማው ወይዘሮ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ እትዬ ሙሉ ቤቱን ለካህናቱ ሊያሰናዱ ገቡ፤ ሲምባን አልጋው ላይ ተጋድሞ አገኙት። ጽጌ ሐዘን ይዟት ውሻ ማስወጣት እንኳን አቅቷታል፣ እኔ ልገላግላት ብለው አሰቡ። የሚያውቁትን ሾፌር ጠርተው ሩንዳ አካባቢ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው እንዲሰጥላቸው አደረጉ። ከዚያም መላ ቤቱን አጠቡ።

ወይዘሮ ጽጌ ሲመለሱ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ሙሉ ውሻውን ሰፊ ቦታ እንደላኩላቸው፣ ቤቱም አሁን እንደጸዳ ነገሯቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይበሉ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ ሙሉ» አሉ። በማግሥቱም እንግዳ ሲያስተናግዱ ዋሉ። ለእኛ አልደወሉም። ዘመድ የዋለልህን ውለታ ለባዕድ መክሰስ ይሆንባቸዋል። ብዙዎቻችን እዚያ ቦታ ብንቆም የምናደርገው ያንኑ ይመስለኛል።

የደወሉልን ሚስተር ካማው ናቸው። ስልካችን ደብዳቤው ላይ ነበር። እማማንም ውሻውንም ካየሁ ቀናት አለፉ፣ ሳንኳኳ መልስ የለም፣ ለዘመዳቸውም ደውያለሁ አሉ። እኛና እትዬ ሙሉ እኩል በሩ ላይ ደረስን። እትዬ ሙሉ በያዙት ቁልፍ በሩን ከፈቱ። ወይዘሮ ጽጌ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ነቅተዋል፣ ግን አይናገሩም። እንግዶቹ የተዉት ምግብ እንደተከደነ ሻግቷል። ሆስፒታል አስገባናቸው።

ውሻውን የት እንደላኩት እትዬ ሙሉን ጠይቀን፣ ሲምባን ለመፈለግ የሄድነው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የተወሰደበት ግቢ ባለቤት፣ ውሻው በሁለተኛው ቀን በር ሲከፈት እንደወጣ ነገሩን። ሲስተር ለተ ቀጥታ ወደ ወይዘሮ ጽጌ የድሮ ቤት እንድነዳ አዘዙኝ፤ ከዚያ ሰፈር ሩቅ አልነበረም። አዲሱ ዘበኛ ቡናማ ውሻ አይቶ እንደሆነ በስዋሂሊ ጠየቅሁት። አይቷል። ሁለት ሌሊት መጥቶ በሩን ሲቧጭር ነበር፤ የጎዳና ውሻ መስሎት በዱላ አባረረው። ሰውየው በነገሩ አዘነ፤ ከእኛም ጋር በየመንገዱ ዞረ። እኛም ብዙ ቀን ተመላልሰን ፈለግነው። አልተገኘም።  ሲስተር ለተ ከዚያ በኋላ በሄድንበት ቤት ሁሉ «ቁልፍሽ ማን ጋ ነው?» የሚለውን መጠየቅ ጀመሩ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እትዬ ሙሉ ጠበቁን። ምን እንዳጠፉ እንድንነግራቸው ፈለጉ። ሲስተር ለተ ያለ ጽጌ ፈቃድ አንድ ቃል እንደማይወጣቸው ነግረዋቸው ወደ ወይዘሮ ጽጌ ክፍል ገቡ። ሲመለሱ «ንገሯት፣ እኔ አልችልም ብላለች» አሉ፤ ለእኔም ደብዳቤውን በአማርኛ እንዳነብላቸው ነገሩኝ። እንግሊዝኛው ስልኬ ላይ ነበር፤ እያየሁ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። አራት መስመር ናት፣ ቶሎ አለቀች።

እትዬ ሙሉ «ይሄ ሁሉ የውሻው ሥራ ነበር?» አሉ።

«አዎ» አሉ ሲስተር ለተ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ብትነግርሽ ምን ትያት ነበር?»

 እትዬ ሙሉ ደብዳቤውን ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙ። «በር ሥር መተኛቱን ወገቤ አይችለውም» አሉ። «ሌላውን እችላለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ሲስተር ለተ ነገሩን አልወደዱትም። ሰው እንደ ውሻ አይደለም፣ ይደክማል፣ ይወቅሳል፣ ምስጋናም ይፈልጋል አሉኝ። እትዬ ሙሉ ግን ወይዘሮ ጽጌ ከሆስፒታል ከወጡ ማግሥት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይመጡ ጀመር። አንኳኩተው ይገባሉ፤ ቁልፉን መልሰዋል። ይቀሰቅሳሉ፣ ያስነሳሉ፣ አትክልት ሻጯ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ። ወይዘሮ ጽጌ ለምክር ሲመጡ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፤ «ታወራለች። ሲምባ እኮ ስለ ዘመድ አያወራም ነበር» አሉን። ይህን ሲሉ ፈገግ ማለታቸውን ከሲስተር ለተ ጋር እኩል አየነው።

ቢሮው ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እትዬ ሙሉ ብቻቸውን መጡ። የዌስትላንድስ መንገድ ጠዋት በመኪና እንዴት እንደሚጨናነቅ ናይሮቢ የኖረ ያውቀዋል፤ ጽጌን አድርሰው ሲሄዱ በየቀኑ ሥራ ያረፍዳሉ፣ አለቃቸውም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸዋል። ወይ ሥራውን ወይ ጠዋቱን መተው አለባቸው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ለውሻው እንደጻፋችሁለት ለእኔም ጻፉልኝ» አሉ።

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ሲስተር ለተ ግን ማስታወሻ ያዙ። «ደንባችንን ታውቂያለሽ?» አሏቸው። «ቤት መጥተን ነው የምናየው። አንድ ቀን ደግሞ ሳንነግራችሁ እንመጣለን።»

ሄድን። ሲስተር ለተ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ፤ እኔ ስለ ትናንት ጠየቅሁ። ወይዘሮ ጽጌና እትዬ ሙሉ እየተሻሙ መለሱ፤ ዝናብ ነበር፣ በአንድ ጃንጥላ ሄደው ሁለቱም ግማሽ ጎናቸው በስብሷል። ከዚያ ሲስተር ለተ ወደ እትዬ ሙሉ ዞረው የተለመደውን ጠየቁ።

«አንቺንስ ማን ያሳርፍሻል?»

 እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሰበሰቡ። «የሞተው እኮ ወንድሜ ነው» አሉ። «ሁሉም ሰው ጽጌን አጽናኚ ይለኛል።»

ወይዘሮ ጽጌ እስከዚያ ድረስ አላሰቡትም ነበር፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ተነስተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «እሑድ እሑድ እኔ ነኝ ወደ እሷ የምሄደው» አሉን፤ «ይህንንም ጻፉት።»

ሁለተኛ ጊዜ ሳንነግር ስንሄድ በሩን የከፈተልን የለም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ አትክልት ሻጯ ጋ ቆመው አገኘናቸው። በማግሥቱ ጻፍኩት። ወይዘሮ ሙሉ ጠዋት ይቀሰቅሷቸዋል። ከቤት ያወጧቸዋል። ከሰው ጋር ሰላም እንዲባባሉ ምክንያት ይሆናሉ። እሑድ ያርፋሉ፤ የሚያሳርፏቸውም ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ስለዚህ ሥራ የሚገቡበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቢገፋላቸው በትሕትና እንጠይቃለን። ቢሮአችን ያወጣው የመጨረሻው ደብዳቤ ይህ ሆነ። አለቃቸው ስልክ ደውሎ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀ። ሲስተር ለተ ለስድስት ወር እንደሚጸናና ከዚያ በኋላ ቢሮው ቢዘጋም ደግመው እንደሚያዩት ነገሩት። ሰውየው ሰዓቱን ፈቀደ፤ ከምሳ ሰዓታቸው ላይ እንደሚቀንስባቸውም አስታወቀ።

እትዬ ሙሉ በአማርኛ ያዘጋጀሁላቸውን ግልባጭ ሊወስዱ ሲመጡ ቆመው አነበቡት። አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹በመንገድ ላይ አያወሩም› ይላል።»

«ጽጌ አስገቡልኝ ብላ ነው» አሉ ሲስተር ለተ።

«ውሸት ነዋ፣ ሲስተር።»

«እኔ የፈረምኩበት ውሸት አይሆንም። ከነገ ጀምሮ እውነት ታደርጊዋለሽ።»

እትዬ ሙሉ አንድ ነገር ሊሉ አሰቡና ተዉት። ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከንፈራቸውን ገጥመው ለሁለታችንም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተሰናበቱን፤ ደረጃውንም እስኪጨርሱ ድረስ ድምፃቸው አልተሰማም።